ትኩሳቱ ለቀቀው ብላችሁ አትዘናጉ፦ ከድሬዳዋ እስከ እሪ በከንቱ የተከተለው ደንጊ

የዛሬው ጽሑፍ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ሻያችሁን ይዛችሁ ተረጋግታችሁ አንብቡት። በትንኝና በሌሎች ደም መጣጭ ነፍሳት ስለሚተላለፉ ቫይረሶች ነው የማወራችሁ። «እኛ አዲስ አበባ ነን፣ ትንኝ ምን አገባን?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም እንደዛ ነበር የማስበው። ስህተቴን ከነገርኳችሁ በኋላ ትምህርቱ ይቀላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አራዳ ውስጥ በምሠራበት ክሊኒክ አንድ ወጣት መጣ። ቤቱ እሪ በከንቱ ነው፣ ከፒያሳ ቁልቁል። (ፈቃዱን ጠይቄ ነው የምጽፈው፤ ማንነቱን የሚያሳውቅ ነገር ትቻለሁ።) ትኩሳት በያዘው በሁለተኛው ቀን ነበር የመጣው። ራሱን፣ በተለይ ከዓይኑ ኋላ፣ ይፈልጠዋል። ወገቡንና መገጣጠሚያውን ይቆረጥመዋል። «ዶክተር፣ አጥንቴ ውስጥ ነው የገባው» አለኝ። የወባ ምርመራ አዘዝኩ፣ ነጻ ሆነ። ዊዳል የሚባለውን የታይፎይድ ምርመራ አዘዝኩ፣ «ፖዘቲቭ» ሆነ። ሲፕሮ ጻፍኩለት፤ ለሕመሙ ደግሞ የዳይክሎፌናክ መርፌ ተወጋ። አመስግኖኝ ሄደ።

በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ ጠፋ። እናቱ ደስ ብሏቸው ቡና አፈሉ። ያን ቀን ማታ ሲያስመልሰው አደረ፤ ጠዋት ጥርሱን ሲፍቅ ድዱ ደማ፣ ሆዱን አጥብቆ ያመው ጀመር። እህቱ ደግፋ አመጣችው። ደሙን ስናየው ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ፕሌትሌቶች በጣም ወርደዋል፤ ደሙ ደግሞ ወፍሯል፣ ማለትም ውኃው ከደም ሥሩ እየሾለከ ወጥቷል። እኔ ገና ሳስብ እህቱ ናት የተናገረችው፦ «ዶክተር፣ እርስዎ አልጠየቁትም እንጂ ድሬዳዋ ሰንብቶ እኮ ነው የመጣው። ለዕቃ ታይዋን ሄዶ።»

ታይዋን ያለችው የድሬዳዋውን የታይዋን ገበያ ነው። አንድ ጥያቄ ነበር የጎደለው፤ «ሰሞኑን የት ነበርክ?» የሚል። ወዲያው ወደ ሆስፒታል ላክነው። በሆስፒታሉ ምርመራ ደንጊ መሆኑ ተረጋገጠ።

የሰፈሩ ስም አመጣጥ ሲነገር ድሮ እዛ ገደል ሥር ሌባ የያዘው ሰው ቢጮህ ሰሚ አልነበረውም ይባላል። ልጁ በመጀመሪያው ቀን «አጥንቴ ውስጥ ገባ» ሲለኝ ደንጊን በእንግሊዝኛ «አጥንት ሰባሪ ትኩሳት» እንደሚሉት አውቅ ነበር። ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜበታለሁ። ግን ወንበሬ ያለው ፒያሳ ስለሆነ ጆሮዬ አልሰማውም።

እሺ፣ አሁን ወደ ትምህርቱ እንግባ።

እነዚህ ቫይረሶች በጥቅሉ አርቦ ቫይረስ ይባላሉ። ከአንዱ ሰው (ወይም እንስሳ) ወደ ሌላው የሚሻገሩት በትንኝ፣ በመዥገር፣ በአሸዋ ዝንብና በመሳሰሉት ነው። ብዙ ሰው ትንኝን እንደ መርፌ ነው የሚያያት፤ አንዱን ወግታ በዛው መርፌ ሌላውን የምትወጋ ይመስለዋል። እንደዛ አይደለም። ሴቷ ትንኝ (የምትናከሰው ሴቷ ብቻ ናት፤ ደሙ ለእንቁላሏ ነው) ቫይረሱ ያለበትን ደም ስትጠጣ ቫይረሱ መጀመሪያ ሆዷ ውስጥ መራባት አለበት። ከዛ የሆዷን ግድግዳ አልፎ በሰውነቷ ተሰራጭቶ ምራቋን የሚያመርተው ዕጢ ጋ መድረስ አለበት። ይሄ እንደ ሙቀቱ ከ8 እስከ 12 ቀን ያህል ይወስዳል። ከዛ በኋላ ግን ዕድሜ ልኳን ታስተላልፋለች።

ኤችአይቪ በትንኝ የማይተላለፈውም ለዚህ ነው። በየጊዜው የምትጠይቁኝ ጥያቄ ስለሆነ እዚሁ ልመልሰው። ኤችአይቪ ትንኟ ሆድ ውስጥ ይፈጫል እንጂ አይራባም፤ ምራቋ ጋ አይደርስም። በዚህ አትጨነቁ።

ትንኝ ሁሉ አንድ አለመሆኑንም ልብ በሉ። ማታ አልጋችን አጠገብ ጢጥ እያለች እንቅልፍ የምትነሳን የሰፈራችን ትንኝ በአብዛኛው ኩሌክስ የምትባለው ናት፤ በየቱቦውና በየወንዙ ዳር ባለው ቆሻሻ ውኃ ትራባለች። የወባዋ አኖፊለስ ናት። ደንጊን፣ ቺኩንጉንያንና ቢጫ ወባን የምታመላልሰው ደግሞ ኤዲስ ትባላለች። ጥቁር ናት፣ እግሯ ላይ ነጭ ነጭ ቀለበት አላት፣ ድምፅዋ ብዙም አይሰማም፣ የምትናከሰውም ቀን ነው፤ በተለይ ጠዋትና ወደ ማምሻው። ስለዚህ ሌሊት አጎበር ውስጥ የተኛ ሰው ቀን ሱቁ በር ላይ ቁጭ ብሎ ሊነከስ ይችላል። አጎበር አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ ለወባ ወሳኝ ነው፣ ቀን ለሚተኙ ሕፃናትና ለበሽተኛም ይጠቅማል።

ኤዲስ ቆሻሻ ውኃ አትወድም። ንጹሕ ውኃ ነው የምትፈልገው፤ እኛ ለመጠጥ ያስቀመጥነውን። በርሜል፣ ባልዲ፣ ክዳን የሌለው ሮቶ፣ ውጭ የተጣለ ጎማ፣ የአበባ ማስቀመጫ ሥር ያለ ሳህን፣ የተቆረጠ ጀሪካን። እንቁላሏን ከውኃው ከፍ ብሎ ዕቃው ግድግዳ ላይ ትለጥፈዋለች። ብልጠቷ እዚህ ላይ ነው፤ ውኃው ቢደፋ እንቁላሉ ደርቆ ለወራት ይቆያል፣ ውኃ ሲሞላ ይፈለፈላል። በርሜሉን ደፍቶ መሙላት ብቻውን ዋጋ የሌለው ለዚህ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ግድግዳውን በብሩሽ ፈትጎ ማጠብ፣ ከዛም ገጥሞ መክደን ያስፈልጋል። በሳምንት የተባለውም በሞቃት ቦታ ከእንቁላል ተነስታ በራሪ ትንኝ እስክትሆን ከ7 እስከ 10 ቀን ስለሚበቃት ነው።

አሁን ድሬዳዋን አስቡ። ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ በየግቢው ይጠራቀማል። በኢትዮጵያ ደንጊ በላቦራቶሪ ተረጋግጦ በወረርሽኝ መልክ መጀመሪያ የታየው እዛ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013፣ በእኛ አቆጣጠር 2006 ሲገባ። ከ11 ሺህ በላይ ሰው ታመመ። ከዛ በኋላ በሶማሌ ክልል ጎዴና ቀብሪደሃር ታየ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ በአፋር ሎግያና ሚሌ፣ የጅቡቲ መኪኖች በሚያልፉበት መስመር ላይ። እ.ኤ.አ. በ2019 ክረምት ላይ ድሬዳዋን ቺኩንጉንያ መታት፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አልጋ ላይ ወደቀ። ያን ጊዜ ድሬ ዘመድ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ቤቱ ሙሉ እየተቆራመደ ነበር የሚሄደው።

ቺኩንጉንያ የሚለው ቃል ከታንዛኒያ ማኮንዴ ሕዝብ ቋንቋ የመጣ ነው፤ በሽታው በዛ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1952 ነው መጀመሪያ የተለየው። ትርጉሙ ሕመሙ ሰውን የሚያጎብጥ መሆኑን ይገልጻል። ከደንጊ ይልቅ ገዳይነቱ ዝቅ ያለ ነው፣ የመገጣጠሚያ ሕመሙ ግን ለወራት፣ አንዳንዴም ከዛ በላይ ሊቆይ ይችላል። «ሪህ ያዘኝ» ብለው ከሚመጡት መካከል ከወራት በፊት በቺኩንጉንያ የታመመ ሊኖር ይችላል።

ቢጫ ወባ ደግሞ ስሙ አሳስቶናል። ወባ አይደለም። ወባ በጥገኛ ተሕዋስ የሚመጣ ሲሆን መድኃኒት አለው፤ ቢጫ ወባ ቫይረስ ነው፣ ክትባት እንጂ ለይቶ የሚፈውሰው መድኃኒት የለውም። ቢጫ የተባለው ጉበትን ሲያጠቃ ዓይንና ቆዳ ቢጫ ስለሚሆን ነው። እና ይሄ የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በኦሞ ሸለቆና አካባቢው በተነሳው ወረርሽኝ 30 ሺህ ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል። በአፍሪካ ከተመዘገቡት የቢጫ ወባ ወረርሽኞች ከአስከፊዎቹ አንዱ ነው። አያቶቻችን ያለፉበት፣ እኛ ግን ትምህርት ቤት ያልተነገረን ታሪክ።

ከዛ ወረርሽኝ ውስጥ ሁሌ የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። ከአስተላላፊዎቹ ዋነኛዋ የከተማዋ ኤዲስ አልነበረችም፤ የአክስቷ ልጅ የምትባል ሌላ የኤዲስ ዓይነት ነበረች። እሷ ደግሞ የምትራባው በእንሰት ቅጠል ብብት ውስጥ በሚጠራቀመው የዝናብ ውኃ ነው። የእንሰት ቅጠል ከግንዱ ጋር የሚገናኝበትን ጎድጓዳ ታውቁታላችሁ፤ እዛች ጭልፋ የማትሞላ ውኃ ውስጥ። እንሰት ደግሞ የሚተከለው ጓሮ ነው፣ ቤት ተጠግቶ። ምግቡም፣ ጥላውም፣ ትንኟም አንድ ቦታ። (እንሰቱን ቁረጡ እያልኩ አይደለም! መከላከያው ክትባት ነው።) ቢጫ ወባ እ.ኤ.አ. በ2013 ደቡብ ኦሞ፣ በ2018 ወላይታ፣ በ2020 ደግሞ ጉራጌ ዞን ውስጥ ታይቷል። መርካቶና ፒያሳ የምትሠሩ፣ ለመስቀል ሱቅ ዘግታችሁ አገር ቤት የምትገቡ ቤተሰቦቼ፣ ይሄ እናንተን ይመለከታል። ክትባቱ ለአብዛኛው ሰው አንድ ጊዜ ከተወሰደ ለዕድሜ ልክ በቂ ነው፤ መከላከል የሚጀምረው ግን ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ የመንገድ ዋዜማ ላይ አትሩጡ። ቢጫ ካርድ ለአየር ማረፊያ ብቻ የሚያገለግል ወረቀት አድርገን ማየታችን ያሳዝነኛል። ነፍሰ ጡር፣ ጨቅላ ሕፃን፣ በዕድሜ የገፋና የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ግን ሐኪም ሳያማክር አይከተብ።

እንስሳትም አልተረፉም። ፈረስና በቅሎን በድንገት የሚገድለው «የአፍሪካ የፈረስ በሽታ» ቫይረስ ነው፤ የሚያስተላልፈው ከትንኝ የምታንስ፣ ለዓይን የምታስቸግር ደም መጣጭ ናት። የጋሪ ፈረስ ሲሞት አንድ ቤተሰብ ገቢው ተቋረጠ ማለት ነው። የከብት ቆዳ ላይ ጉብ ጉብ የሚያደርገውን በሽታም ደም የሚመጡ ዝንቦችና መዥገሮች ያዛምቱታል። ለሁለቱም ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ክትባት ያመርታል። ከእንስሳ ወደ ሰው የሚያልፍም አለ፤ በጎረቤቶቻችን ኬንያና ሶማሊያ እ.ኤ.አ. በ2006 እና 2007 ከከባድ ዝናብ በኋላ የተነሳው የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በጎችና ፍየሎችን ሲያስወርድ ቆይቶ ሰውም ገድሏል። እሱ በትንኝ ብቻ ሳይሆን የታመመ ከብት ሲያርዱና ሲያዋልዱ በደም ንክኪም ይይዛል።

በነገራችን ላይ ነፍሳት የሚያመጡት ሁሉ ቫይረስ አይደለም። በቅማል የሚመጡት ግርሻና ተስቦ ባክቴሪያ ናቸው፤ በአንቲባዮቲክ ይድናሉ። ተስቦና ታይፎይድም አንድ አይደሉም፤ ታይፎይድ በምግብና በውኃ ነው።

ስለ ታይፎይድ ካነሳን ዊዳልን ልክሰሰው። ዊዳል ሰውነታችን ያመረተውን መከላከያ ነው የሚያየው፤ ድሮ የታመመ፣ ወይም ሌላ በሽታ ያለበት ሰውም «ፖዘቲቭ» ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ ተሠርቶ ፖዘቲቭ ስለሆነ ብቻ ታይፎይድ ነው ማለት አይቻልም። እኔ ይሄንን እያወቅኩ ወረቀቱን አመንኩ። በሽተኛ ቆሞ ሲጠብቅህ፣ ውጭ ወረፋው ረዝሞ፣ ፖዘቲቭ የሚል ወረቀት እጅህ ሲገባ ደስ ይላል፤ ስም አገኘህለታ።

ለደንጊ መድኃኒት የለውም ስንል ሕክምና የለውም ማለት አይደለም። አብዛኛው ሰው በዕረፍት፣ በብዙ ፈሳሽና በፓራሲታሞል ይድናል። ፓራሲታሞል ለአዋቂ በቀን ከ4 ግራም (ባለ 500ው ስምንት ፍሬ) እንዳያልፍ፤ ጉበቱን የሚያመው ወይም መጠጥ የሚያዘወትር ደግሞ ከዛ በታች። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ግን አይነኩም፤ ደም መፍሰስን ያባብሳሉ። የፋርማሲ ባለሙያዎች ብትኖሩ ይሄን መስመር ለጓደኞቻችሁ አሳዩልኝ። ከሞቃት አገር የመጣ ሰው ትኩሳት ይዞት «የቁርጥማት መርፌ» ቢጠይቃችሁ ባዶ እጁን ላኩት።

አደገኛው ጊዜ ትኩሳቱ ሲወርድ ያለው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ነው። ሰው ሁሉ «ለቀቀው» ብሎ የሚተነፍስበት ሰዓት። ብዙ ጊዜ ከታመመ ከ3 እስከ 7 ቀን ውስጥ ይሆናል። በዚያ ጊዜ ከባድ የሆድ ሕመም፣ አልቆም ያለ ማስመለስ፣ የድድ ወይም የአፍንጫ መድማት፣ ጥቁር ሰገራ ወይም ደም ያለበት ትውከት፣ መቁነጥነጥ ወይም ከልክ ያለፈ ድካም፣ የእጅና እግር መቀዝቀዝ፣ ሽንት መቀነስ ካያችሁ ነገ አትበሉ። ያን ሌሊት ታክሲ ጥሩ። ሆስፒታል ውስጥ ፈሳሹ ተለክቶ ይሰጠዋል፤ ሲያንስም ሲበዛም ይጎዳል። ቤት ውስጥ በሰፈር ነርስ የሚሰቀል ግሉኮስ ለዚህ አይሆንም።

ልጁ ሆስፒታል ሳለ እናቱ መጥተው «ልጄ፣ ወደ እኛስ ይተላለፋል? አንድ ክፍል ነው የምናድረው» አሉኝ። «እማማ፣ በትንፋሽም በዕቃም አይተላለፍም፤ ትንኟ መሀል መግባት አለባት» አልኳቸው። ትንኟ ለምን እሪ በከንቱ አልመጣችም? ዋናው መልስ ብርድ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በብርድ ኤዲስ አይመቻትም፤ ቫይረሱም ሆዷ ውስጥ በጣም ስለሚዘገይ ምራቋ ጋ ሳይደርስ ትሞታለች። ምኒልክና ጣይቱ ከተማቸውን ደጋ ላይ ሲቆረቁሩ ሳያስቡት የሰጡን ስጦታ ነው። ግን ሰው ይጓዛል። ደንጊ ከተነከሱ በኋላ እስኪታይ ከ4 እስከ 10 ቀን ይፈጃል፤ በባቡርም በአውቶቡስም ድሬዳዋ በአንድ ቀን ይደረሳል። ስለዚህ ሰው ተነክሶ፣ ዕቃውን ገዝቶ፣ ቤቱ ገብቶ፣ ሦስት ቀን ሠርቶ ነው የሚታመመው። ለዛም ነው ጉዞውን ከሕመሙ ጋር የማያገናኘው። ልጁ ለምን እንዳልነገረኝ ስጠይቀው «አሞኝ አልነበረም እኮ እዛ፣ እዚህ ነው ያመመኝ» አለኝ። ትክክል ነው።

ስለዚህ ድሬዳዋ፣ አፋር፣ ጎዴ፣ ጅቡቲ፣ ወይም ቁሉቢ ገብርኤልን ተሳልማችሁ ድሬ አድራችሁ ከመጣችሁ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ትኩሳት ከያዛችሁ ሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ ቦታውንና ቀኑን ንገሩት። መጀመሪያ ወባ ይመርመር። ወባ ነጻ ሲሆን እዛ ላይ አይቁም። ኤንኤስ ዋን የሚባለው የደንጊ ምርመራ በመጀመሪያዎቹ 5 ቀናት ነው በደንብ የሚይዘው፤ ከዛ በኋላ የመከላከያ ምርመራው ይሻላል። የወባው ነገርም በድሬ ተወሳስቧል፤ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ተገኝታ፣ በ2022 ድሬዳዋ ለተነሳው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት ሆናለች። እሷም እንደ ኤዲስ በርሜል ውስጥ ነው የምትራባው። አንድ በርሜል፣ ሁለት ዓይነት በሽታ።

ለተጓዥ፦ እጅጌ ረጅም ልብስ ቀንም ልበሱ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት ቀን ላይ ተቀቡ፣ ያረፋችሁበት ቤት በርሜሉ ክፍት ከሆነ ክደኑት። እንግዳ ነኝ ብላችሁ አትፈሩ። እዛ ሳላችሁ ከታመማችሁ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀንም አጎበር ውስጥ ተኙ፤ ትንኟ ከእናንተ ወስዳ ለባለቤቶቹ እንዳትሰጥ።

ልጁ ከስድስት ቀን በኋላ ከሆስፒታል ወጣ። ቀጠሮው ቀን «አንዴ ይዞኛል፣ ከዚህ በኋላ አይዘኝም አይደል?» አለኝ። እውነቱን ነገርኩት። ደንጊ አራት ዓይነት ነው። የያዘው ዓይነት ዳግም አይዘውም፤ በሌላው ዓይነት ቢያዝ ግን ሁለተኛው ከመጀመሪያው የመክፋት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፣ የፊቱ መከላከያ አዲሱን ቫይረስ ወደ ሴሉ እንዲገባ ስለሚያግዘው። ዝም ብሎ ቆየና «ዶክተር፣ እንጀራዬ እኮ ድሬ ነው» አለ።

አሁንም ይሄዳል። ቅባቱን ይዞ፣ እጅጌውን አውርዶ፣ በጓደኞቹ እየተሳቀበት። ባለፈው ሰሞን ደወለልኝ፤ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ «ከድሬ ከተመለስኩ ስድስተኛ ቀኔ ነው፣ ትንሽ ሰውነቴ ሞቋል» አለ። ና አልኩት። ጉንፋን ነበር።